ከሆለታ እስከ ቢሾፍቱ፦ የትኛው የሆርቲካልቸር ሥልጠና ለየትኛው ሥራ?

ሥልጠና ከመምረጣችሁ በፊት ሥራውን ምረጡ። አብዛኛው ሰው የሚሄደው በተቃራኒው ነው፦ ሰፈሩ አጠገብ ያለው ኮሌጅ የከፈተውን ይመዘገባል፣ ይጨርሳል፣ ከዚያ ማስረጃውን ይዞ በየእርሻው በር ይዞራል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ሆርቲካልቸር አንድ ሥራ አይደለም። የጽጌረዳ ግሪንሃውስ፣ የድንች ዘር ማሳ፣ የአቮካዶ ችግኝ ጣቢያና የመናፈሻ ሣር በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ የሚፈልጉት ሙያ ይለያያል፤ የሚገኙበት አቅጣጫም እንዲሁ።

መጀመሪያ መንገዱን እዩ

በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፎ መናገሻንና ሆለታን ይዞ ያለው አካባቢ የጽጌረዳ አገር ነው። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ግንዱ ይረዝማል፣ የአበባው ራስ ይተልቃል። በጅማ መንገድ ሰበታ ላይ፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ ላይ የአበባ እርሻዎች አሉ። ሆለታ ከአበባው ሌላ የግብርና ምርምር ማዕከል አላት፤ ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉት የድንች ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። በወልመራና በአካባቢው የድንች ዘር ማባዛት ሥራ ሆኖ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በምሥራቅ በኩል ዱከምና ቢሾፍቱ ወደ 1900 ሜትር ዝቅ ይላሉ። እዚያ ከአበባ ጎን ለጎን ቲማቲም፣ ቃሪያና የአትክልት ችግኝ ይበዛል። ከዚያም አልፎ ቆቃና ባቱ ላይ ሰፋፊ የጽጌረዳ እርሻዎች፣ እንዲሁም ለውጭ ገበያ ለመትከያ የሚሆን የክሪሳንተመምና የጄራንየም ቁራጭ የሚያመርቱ ግሪንሃውሶች አሉ። ግን ይህ ከአዲስ አበባ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት ሥራ አይደለም፤ ቤት ተከራይቶ መኖርን ይጠይቃል።

ስለዚህ ቡራዩ የሚኖር ሰውና ገላን የሚኖር ሰው አንድ ዓይነት ሥልጠና መውሰድ የለባቸውም። የአበባ እርሻ ሥራ በጠዋት ይጀምራል። ሰርቪሱ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚነሣ ሳይጠይቁ ሥራ መያዝ በሁለተኛው ወር ለመልቀቅ መዘጋጀት ነው። የታክሲ ወጪ ከደመወዙ ላይ ተቀንሶ የሚተርፈውን ቀድማችሁ አስሉ።

አበባ እርሻ፦ ሥልጠና የማያስፈልገውና የሚያስፈልገው

ቆረጣ ላይ የሚገባ ሰው ሰርቲፊኬት አይጠየቅም። የሚማረው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። እንቡጡ ሳይላቀቅ የተቆረጠ ጽጌረዳ ገዢው ዘንድ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል እንጂ አይፈታም፤ ከመጠን በላይ የተከፈተው ደግሞ መንገድ ላይ ያልፍበታል። የትኛው ዝርያ በየትኛው ደረጃ እንደሚቆረጥ በየግሪንሃውሱ ይለያያል፤ አዲስ ገቢ ከነባር ሠራተኛ ጎን ቆሞ በሳምንት ሁለት ሳምንት ይለምደዋል። የተቆረጠው አበባ ወዲያው ባልዲ ውስጥ ገብቶ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ይሄዳል። ፓክሃውስ በሚባለው ማሸጊያ ቤት ውስጥ የታችኛው ቅጠል ይነሣል፣ ግንዱ በሰሌዳ ላይ እየተለካ 40፣ 50፣ 60፣ 70 ሴንቲ ሜትር ተብሎ ይለያል፣ ብዙውን ጊዜ 20 ግንድ በአንድ ይታሰራል። ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ስለሆነ እዚያ የሚመደብ ሰው ወፍራም ጃኬት ይሰጠው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። አበባ ቆረጣና ማሸግ አሠለጥናለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትክፈሉ፤ እርሻው ራሱ ደመወዝ እየከፈለ ያስተምራችኋል።

ርጭት ሌላ ነው። ሥልጠናው አጭር ነው፣ ክፍያውም አንዳንድ ቦታ ከቆረጣ ይሻላል፣ ግን ዕድሜ ልክ የሚቆዩበት ክፍል አይደለም። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር እዩ፦ የጭምብሉ ማጣሪያ በስንት ጊዜ ይቀየራል፣ ልብሱ እርሻው ውስጥ ይታጠባል ወይስ ቤት ይወሰዳል፣ ረጪዎች የደም ምርመራ ይደረግላቸዋል ወይ። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት መድኃኒቶች በደም ውስጥ ያለውን፣ ለነርቭ ሥራ የሚያስፈልገውን ኮሊንስትሬዝ የተባለ ኢንዛይም ስለሚቀንሱ ምርመራው የሚደረገው በየጊዜው ነው፤ ቁጥሩ የወረደበት ሰው ከርጭት ይነሣል። ከተረጨ በኋላ ወደ ግሪንሃውሱ የሚገባበት ሰዓት በሩ ላይ ተጽፎ ካልተለጠፈ፣ ቆራጮቹም አደጋ ላይ ናቸው።

ሥልጠና በእርግጥ ዋጋ የሚያወጣው በሁለት ክፍሎች ነው፦ ማዳበሪያና ውኃ በሚቀላቀልበት ክፍልና ተባይ አሰሳ ላይ።

የመጀመሪያውን ፈርቲጌሽን ይሉታል። ማዳበሪያው በውኃ ሟሙቶ በጠብታ መስኖ ይሄዳል። ሁለት በርሜል አለ፣ «ኤ» እና «ቢ»። ካልሲየም ናይትሬት «ኤ» ውስጥ ይገባል፤ ሰልፌትና ፎስፌት ያለባቸው ሁሉ «ቢ» ውስጥ። በወፍራሙ ሳሉ ከተገናኙ ካልሲየሙ ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ ጠብታዎቹ ይደፈናሉ፣ ከሦስት ቀን በኋላ አንድ መደብ ሙሉ ይጠወልጋል፣ ማንም ምክንያቱን አያውቅም። ወደ ተክሉ የሚሄደው ውሕድ ለጽጌረዳ ብዙውን ጊዜ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ከ5.5 እስከ 6.5፣ ኢሲው (የሟሟውን ጨው መጠን የሚያሳየው ልኬት) ደግሞ 1.5 እስከ 2 አካባቢ ይሆናል። ይህን በየቀኑ ለክቶ በመዝገብ የሚጽፍ፣ ከሥር የሚወጣውንም ውኃ ለክቶ ከላይ ከገባው ጋር የሚያነጻጽር ሰው እርሻው በቀላሉ አይለቀውም። ኢሲው ከሥር ከፍ ብሎ ከወጣ ጨው እየተከማቸ ነው ማለት ነው፤ ውኃ ይጨመራል። ሙያው ከአበባ ወደ ቲማቲም፣ ከሆለታ ወደ ቢሾፍቱ ሲዛወሩ አብሮ የሚሄድ መሆኑ ደግሞ ትልቁ ጥቅሙ ነው።

ሁለተኛው ስካውቲንግ ነው። ስካውት በቀን የተመደበለትን መደብ እየዞረ ቅጠሉን ገልብጦ፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር እያየ፣ የቀይ ሸረሪት እንቁላልና እጭ፣ ትሪፕስ የተባለች ጥቃቅን ነፍሳት፣ እንዲሁም ዳውኒ፣ ፓውደሪና ቦትራይቲስ የተባሉት የሻጋታ በሽታዎች በየትኛው መደብ በየትኛው ቁጥር እንዳለ ይመዘግባል። ሰማያዊ ተለጣፊ ወጥመድ ለትሪፕስ፣ ቢጫው ለነጭ ዝንብና ለክሽክሽ ነው። ዳውኒና ፓውደሪን ለይቶ የማያውቅ ስካውት ለአንዱ የሚሆነውን መድኃኒት ለሌላው ያስረጫል፤ በሽታውም ይቀጥላል፣ ገንዘቡም ይጠፋል። ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ሌላ ሸረሪት በሚለቀቅባቸው እርሻዎች ስካውቱ ወዳጁን ከጠላቱ መለየት አለበት። ለዚህ ሥራ ከፊታችን ያለው ጊዜ ይበልጥ ጥሩ ነው ብለን እናምናለን፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ በተባለው የእሳት ራት ምክንያት ወደ ገበያው በሚገባ ጽጌረዳ ላይ ቁጥጥሩን አጥብቋል። ትሉ እንቡጥ ውስጥ ገብቶ ስለሚደበቅ፣ ወጥመድ የሚቆጥር፣ እንቡጥ ሰንጥቆ የሚያይና የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል። መዝገብ የሌለው እርሻ ተባይ ባይኖረውም የለብኝም ብሎ ማስረዳት አይችልም።

ደረጃ 2፣ ደረጃ 4 ወይስ ዲግሪ?

በኮሌጆች የሚሰጠው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል። ደረጃ 1 እና 2 የታዘዘውን በትክክል የሚሠራ ሰው ያወጣሉ፤ 3 እና 4 ሌሎችን የሚመራና ችግር የሚፈታ። ወደ ቀጣዩ ለማለፍም ሆነ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር የሲኦሲ (የሙያ ብቃት) ምዘናን ማለፍ ግድ ነው፤ ምዘናው የጽሑፍም የተግባርም ነው።

ወደ አበባ እርሻ ለመግባት ብቻ ከሆነ ደረጃ 2 አያስፈልግም፤ በቆረጣ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ደረጃ 2 የሚጠቅመው ከቆረጣ ወደ መስኖ ክፍል ለመሸጋገር ሲፈለግ ነው። ደረጃ 4 ደግሞ ሱፐርቫይዘርነትን ለሚያስብ ሰው። የእኛ ምርጫ መሐል ላይ ሥራን ማስገባት ነው፦ ደረጃ 2፣ ከዚያ አንድ ሁለት ዓመት እርሻ ውስጥ፣ ከዚያ ደረጃ 3 እና 4። በተከታታይ አራቱን ጨርሶ የሚመጣ ልጅ የ40 ቆራጮች አለቃ ሆኖ ሲመደብ፣ መቀስ ይዞ ስለማያውቅ ቆራጮቹ አይሰሙትም።

ኮሌጅ ስትመርጡ ግቢው ያምራል ወይ ብላችሁ አትዩ። የፒኤች መለኪያውን አሳዩን በሉ። መለኪያው በየጊዜው የሚስተካከልባቸው፣ 4 እና 7 የተጻፈባቸው ፈሳሾች አጠገቡ ከሌሉ ወይም ጊዜያቸው ካለፈ፣ መለኪያው ለጎብኚ የተቀመጠ ነው፤ ተማሪ አይነካውም። ከዚያ የጠብታ መስኖውን ክፈቱልን በሉ፤ የመጨረሻው ጠብታ ላይ ውኃ ይደርሳል ወይ? በመጨረሻ የትብብር ሥልጠናውን ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት ተማሪዎች የትኛው እርሻ ተመደቡ፣ ለስንት ጊዜ፣ በየትኛው ክፍል? «ደብዳቤ እንጽፍላችኋለን፣ ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ» የሚል መልስ ከመጣ፣ የሥልጠናው ዋና ክፍል በእናንተ ትከሻ ላይ ነው።

ዲግሪው አራት ዓመት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የመውጫ ፈተና አለበት። ሆርቲካልቸር በስፋት የሚሰጡት እንደ ጅማ፣ ሐዋሳና ሐረማያ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሆኑ ከአዲስ አበባ ዙሪያ መራቅ አለ፤ የትምህርት ክፍል ምደባውም ሁልጊዜ በምርጫ አይደለም። ዲግሪ የሚከፍታቸው በሮች በደረጃ 4 የማይከፈቱ ናቸው፦ ምርምር፣ የዕፅዋት ጤና ቁጥጥር፣ ለውጭ ገበያ የሚሆኑ የጥራት ኦዲቶች፣ የዘርና የፀረ-ተባይ አቅራቢ ድርጅቶች የቴክኒክ ሽያጭ፣ በእርሻ ውስጥም ግሮወርነት፣ ማለትም የምርት ኃላፊነት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ልምድ ያለው ባለ ደረጃ 4 ከአዲስ ተመራቂ ባለ ዲግሪ ይቀድማል፤ በአሥር ዓመት ግን ዲግሪ ያለው የሚወጣበት ጣሪያ ከፍ ይላል። አሁኑኑ ቤት መርዳት ያለበት ሰው ይህን ልዩነት በቁም ነገር ያስብበት። ዲግሪ ለሚማር ሰው ደግሞ አንድ ምክር አለን፦ ክረምቱን ቤት አትዋሉ፤ ሁለት ክረምት ፓክሃውስ ወይም መስኖ ክፍል ውስጥ በነጻም ቢሆን ያሳለፈ ተመራቂ ቃለ መጠይቅ ላይ ከአፉ ይታወቃል።

ችግኝ ጣቢያና ግራፍቲንግ

ለመቀጠር ሳይሆን ለራሱ ለመሥራት ለሚፈልግ፣ አጭር ሥልጠና ወስዶ ገቢ ለማግኘት ከዚህ የሚሻል የለም። አምስት ቀን በቂ ነው፤ ከአምስቱ አራቱ ቢላዋ ተይዞ የሚያልፉ ከሆነ።

የአቮካዶን ግራፍቲንግ፣ ማለትም የአንዱን ዝርያ ቀንበጥ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ማያያዝን፣ እንይ። ከፍሬ የበቀለው ችግኝ ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ አናቱ ይቆረጣል፣ መሐሉ ይሰነጠቃል። ሃስ ከተባለው ዝርያ የተወሰደ፣ እምቡጡ ያበጠ ግን ያልፈነዳ ቀንበጥ በሁለት በኩል እንደ ሽብልቅ ተቀርጾ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ቁልፉ ያለው ቅርፊት ከቅርፊት ጋር መገጣጠሙ ላይ ነው፤ ሁለቱ ውፍረታቸው እኩል ካልሆነ ቢያንስ በአንድ ጎን ይግጠም። በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ቀንበጡ እንዳይደርቅ በስስ ላስቲክ ይሸፈናል፣ ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ እምቡጡ ይነቃል።

የማይዝበት ምክንያት ተደጋጋሚ ነው። ቢላዋው ደንዞ ቁስሉን ይቀጠቅጣል። ቀንበጡ ጠዋት ተቆርጦ እስከ ከሰዓት ፀሐይ ላይ ይውላል፤ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ መጠቅለል ነበረበት። ማሰሪያው ይላላና ውኃ ይገባል፣ ይበሰብሳል። ወይም ጀማሪው በሳምንቱ እየፈታ ያያል። ከያዘ በኋላ ደግሞ ማሰሪያው ሳይፈታ ይቆይና ግንዱን ያንቀዋል። ሥልጠና ስትመርጡ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ስንት ችግኝ እንደሚሠራ ጠይቁ፤ አሠልጣኙ ሦስት አሳይቶ ሠላሳ ሰው የሚያጨበጭብበት ሥልጠና ሰርቲፊኬት እንጂ እጅ አይሰጥም።

የት እንደምትሸጡም አስቡ። ሆለታና ሱሉልታ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሚወርደው ውርጭ አቮካዶን ይጎዳል፤ እዚያ የሚያዋጣው አፕልና ፕሪም ነው። አቮካዶ ቢሾፍቱና ከዚያ ዝቅ ያለ አገር ይፈልጋል። ሌላው ከዝርያው ጋር የተያያዘው ስም ነው፦ ቀንበጡን ከየትኛው እናት ዛፍ እንደወሰዳችሁ መመዝገብ አለባችሁ። ሃስ ተብሎ የተሸጠ ችግኝ ከዓመታት በኋላ ሌላ ፍሬ ሲያፈራ ገበሬው አይረሳም።

ከተማ ማስዋብና የጓሮ አትክልት

የኮሪደር ልማቱ፣ ፓርኮቹና የወንዝ ዳር ሥራዎች አትክልተኛ ይፈልጋሉ። እዚህ የሚከፈለው ለሁለት የተለያየ ሥራ ነው፦ ለተከላና ለእንክብካቤ። ተከላው ኮንትራት ነው፣ ሲያልቅ ያልቃል፤ እንክብካቤው ይቆያል፣ ግን ክፍያው ዝቅ ይላል። ፕላን ማንበብ፣ የውኃ ቁልቁለት መያዝ፣ የመርጫ መስኖ መዘርጋት የሚችል ሰው በሁለቱም በኩል ይፈለጋል፤ ስለዚህ የሆርቲካልቸር ደረጃ 2 ላይ አጭር የቧንቧ ሥራ ሥልጠና መጨመር ብልህነት ነው። በዚህ ዘርፍ ችግኝ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሥሩ ባለው ነገር ነው፦ የግንባታ ፍርስራሽ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር አፈር ይለበሳል፣ ሣር ይነጠፋል፣ ዛፍ ይተከላል፤ ክረምት ሲያልፍ ሣሩ ይቢጫል፣ ዛፉ ቆሞ ይደርቃል። ጉድጓዱን በድፍረት ቆፍሮ «ፍርስራሹ ይውጣ» የሚል ባለሙያ መሆን ያስፈልጋል።

አትክልት ለማምረት የሚያስቡ ስለ ውኃው ይጠንቀቁ። በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣ ሰላጣና ቆስጣ ከፋብሪካና ከመኖሪያ ቤት በሚለቀቅ ፍሳሽ ምክንያት ጥያቄ ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች የውኃውን ምንጭ ይጠይቃሉ። መሬቱም በከተማው መስፋፋት ዛሬ ማሳ ነገ ቤት ነው። በኪራይ መሬት ላይ ግሪንሃውስ ከማቆማችሁ በፊት የውሉ ዘመን የግሪንሃውሱን ወጪ ይመልስ እንደሆነ አስሉ።

ውሉና ወቅቱ

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ የመጀመሪያው ውል ላይ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ የሚለውን አንብቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ መደበኛው ሥራ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፣ የወሊድ ፈቃድ ደግሞ 120 ቀን ነው። አበባ እርሻ ውስጥ አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ስለሆነ ይህ የመጨረሻው ወረቀት ላይ የተጻፈ ብቻ እንዳይሆን የነባር ሠራተኞችን አፍ ማድመጥ ይበጃል፤ በር ላይ ሰርቪስ ሲጠብቁ ይነግሯችኋል።

ወቅቱን ደግሞ ከሥልጠናችሁ ጋር አስተካክሉ። ለቫለንታይን የሚሆነው ጽጌረዳ የካቲት መጀመሪያ ላይ ገበያ ስለሚደርስ እርሻዎች ተጨማሪ ሠራተኛ የሚፈልጉት ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አውሮፓ ውስጥ የራሳቸው አበባ ስለሚኖር ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ጊዜያዊ ሠራተኛም ያን ጊዜ ይቀነሳል። ኮሌጁ የትብብር ሥልጠናውን ወር እንድትመርጡ ከፈቀደላችሁ ታኅሣሥና ጥርን ያዙ። በእነዚያ ሳምንታት መስኖ ክፍሉ፣ ስካውቱና ፓክሃውሱ ሁሉም በሙሉ አቅማቸው ስለሚሠሩ፣ ሠልጣኝ ሆኖ የገባ ሰው በክረምት አይቶት የማያውቀውን ሁሉ ያያል፤ ሱፐርቫይዘሩም ስሙን ይይዛል።